ከባሕሩ ጠረፍ የደወልኩለት ወንድሜ

ብየዳ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን አቃቂ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ ብረት ክፍል ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሳይደርስ ሞተ። እናታችንም ከሱ ብዙ አልቆየችም። ወንድሜ ያን ጊዜ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ። ዘመዶቻችን ለየብቻ ሊወስዱን ሲመክሩ እምቢ ብሎ እሱ አሳደገኝ። ጋሼ ነው የምለው፤ እሱ ደግሞ እቱ ይለኛል። በስሜ የሚጠራኝ ሳናድደው ብቻ ነው።

ቃሊቲ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ በቆርቆሮ የተከለለች የብየዳ ቤት ነበረችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እዚያ ነው። መጀመሪያ ብረት እንድይዝለት፣ ቆይቶ እንድቆርጥ፣ ከዚያም እሱ ነካ ነካ አድርጎ ያያያዘውን እንድጨርስ ፈቀደልኝ። በር ለማሠራት የመጡ ሰዎች ማስኬን ከፍ ሳደርግ ሴት መሆኔን አይተው ይደነግጡ ነበር። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ የበሩን ልክ መጠየቁን ይቀጥላል። አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ ብየዳ ልማር ብለው ሳቀብኝ።

"እኔ ያላስተማርኩሽ ምን ቀርቶ ነው?" አለ። በማግስቱ ግን ራሱ ወስዶ አስመዘገበኝ።

እዚያ በአርጎን ጋዝ የሚበየደውን ረቂቅ የቧንቧ ብየዳ ተማርኩ። የተማርኩትን እየመጣሁ አሳየው ነበር፤ ከኔ መማር ደስ ይለው ነበር እንጂ አያፍርም። ገላንና ቱሉ ዲምቱ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ለባለዕጣዎች መተላለፍ ሲጀምሩ ደግሞ ሥራ በላይ በላዩ መጣልን። ቤት የደረሰው ሁሉ የነበረውን በር አስወልቆ የላሜራ በር ያስገጥማል፤ ምድር ቤት የደረሰው የመስኮት ፍርግርግ ያሠራል። የጋሼ ሐሳብ ግን ከበርና ከመስኮት ያለፈ ነበር። ሰፊ ቦታ ተከራይተን የፋብሪካ ቧንቧና ትልልቅ ታንከር እንድንሠራ ይፈልግ ነበር። ምሳችንን ስንበላ የምናወራው ስለዚያ ነው። ማሽኑ የት እንደሚቆም ሳይቀር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።

አንድ ቀን ኤሌክትሮድ ሊገዛ ወጥቶ ወሬ ይዞ ተመለሰ። ዓረብ አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ፣ በኒውክሌር የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊገነባ ነው፤ ከየአገሩ በያጅ እየመለመሉ ነው፤ አዲስ አበባም ፈተና ይሰጣል። እንደዚያ ቀን ሲቸኩል አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ አግብቷል፣ አንዲት ትንሽ ልጅም አለችው። ጥለሃቸው እንዴት ትሄዳለህ ብለው፣ ሁለታችንም ብናልፍ ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ስንመለስ ያን ሰፊ ቦታ እንደምንይዝ ነገረኝ። እኔ ብቻዬን የመሄድ ሐሳብ አልነበረኝም። አብረን ከሆነ ግን እሺ አልኩ።

ፈተናው ከባድ ነበር። ጥግ ላይ የታሰረ ቧንቧ ይሰጡሃል፤ ሳትነቅለውና ሳታዞረው ከላይም ከታችም ዙሪያውን መበየድ አለብህ። ቦታችን ጎን ለጎን ነበር። የኔን ጨርሼ ማስኬን ሳነሳ እሱ ገና ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁት። መስመሩ አጀማመሩ ሲያምር፣ ከታች በኩል ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ሁለቱ ቧንቧዎች ከሚገጥሙበት ቦይ ወጥቷል። እሱ እንደዚያ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። እሱ ግን አላየውም። ከቦዩ የወጣውን እየበየደ ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ የዓይን ምርመራ ነበር፤ ከዚያ ሲወጣ ትከሻውን ሰበቀና ሳቀ። መነጽር ያስፈልግሃል ብለውኛል አለ። በዚያው ካፌ ወስዶ ስፕሪስ ጋበዘኝ። እኔ ማለፌን የሰማነው ከሳምንት በኋላ ቢሆንም እሱ ግን በዚያው ቀን እንዳለፍኩ አድርጎ ያወራ ነበር።

አልሄድም አልኩት። ተቆጣ። ቀጥሎ ለመነ። ሚስቱም ለመነችኝ፤ ድምጿ ግን እንደሱ አልበረታም ነበር። እሱ መነጽር አድርጎ በሚቀጥለው ዙር እንደሚፈተንና እንደሚከተለኝ ማለልኝ። በመጨረሻ እሺ አልኩ።

ሰፈሩ ዓረብ አገር ልሄድ መሆኑን ሲሰማ ሁሉም የመሰለው ለቤት ሠራተኝነት ነው። አይ፣ ለብየዳ ነው ስል ያመነኝ የለም፤ የኒውክሌር ማመንጫ ነው ስል ደግሞ የባሰ ሆነ። ኒውክሌር ሲባል ሰዉ የሚያውቀው ቦምቡን ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ለብቻዬ ጠርተውኝ ልጅ ሳልወልድ እንዳልቀር መከሩኝ። ጣቢያው ገና መሠረቱ እንዳልተጣለ፣ ነዳጁ የሚገባው ሁሉም ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ጨርሰው አዳመጡኝና "ይሁና ልጄ፣ ብቻ ሥራሽን ፈጠን አድርገሽ ውጪ" አሉኝ።

ቦታው ስደርስ የጠበቀኝ ነገር ሁሉ አሸዋ ነበር። ከከተማ ብዙ ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘን፣ ኮንቴይነር በሚመስሉ ቤቶች በተሠራ ካምፕ ገባን። ባሕር በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከካምፑ አጥር ወዲያ ተዘርግቶ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ሰማዩ ዝቅ ያለ መሰለኝ። በማግስቱ አዲስ የገቡትን ሠራተኞች ሁሉ አንድ አዳራሽ ሰብስበው የጣቢያውን ሞዴል አሳዩን። በጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር አልቆ ቆሟል፤ ጉልላቶቹ፣ የተርባይኑ ቤት፣ ከባሕር ውሃ የሚስበው ቦይ፣ ማዕበሉን የሚገታው የድንጋይ ግድብ። ከመስኮቱ ውጪ ደግሞ ኤክስካቫተሮች ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። መሐንዲሱ ቦታው እስኪመረጥ ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ነገረን። አለቱን በስተው ፈትሸዋል፣ የባሕሩን ሙቀት ክረምት ከበጋ ለክተዋል፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አጥንተዋል። ያን ሁሉ አስበው የጨረሱ ሰዎች ብዙዎቹ ሥራውን ሳያዩ ጡረታ መውጣታቸውን ሲናገር ትዝ ይለኛል።

ሥራ ቦታ ስልክ ማስገባት አይፈቀድም ነበር፤ ጠዋት ስንገባ በር ላይ አስቀምጠን ስንወጣ እንቀበላለን። ስለዚህ ለጋሼ ፎቶ ልልክለት አልቻልኩም። ያለኝ አፌ ብቻ ነው። እራቴን በልቼ እደውላለሁ፤ እሱም ሁሉንም ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ላሜራው ስንት ሚሊ ነው፣ ከላይ ነው የምትበይጂው ከታች፣ ኤሌክትሮዱን ምድጃ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት? ለምን ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚሠሩት ሲጠይቀኝ እንደመኪና ነው አልኩት፤ ሞተሩ እንዳይግል ራዲያተር ውስጥ ውሃ እንደሚያስፈልገው፣ ለዚህኛው ደግሞ ባሕሩ ራሱ ራዲያተሩ ነው። በጣም ወደደው። ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያወራ እንደከረመ ሚስቱ ነገረችኝ።

እኔ የተመደብኩት የማመንጫውን ሆድ ከውስጥ የሚያለብሰውን የብረት ግድግዳ ከሚበይዱት ጋር ነበር። ከውጪው ወፍራም አርማታ ነው፤ ከውስጡ ግን አየር እንኳ እንዳያሾልክ በላሜራ ይለበጣል። የበየድነው እያንዳንዱ ስንዝር ራጅ ይነሳል። ራጁ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ከታየች ይቆረጥና እንደገና ይሠራል። የመጀመሪያው ሰሞን ብዙ ተቆርጦብኛል። አንድ ቀን እያለቀስኩ ደወልኩለት። ተናግሬ እስክጨርስ አዳመጠኝና፣ ትንፋሼን ይዤ እንደምበይድ፣ ልጅ ሆኜም እንደዚያ አደርግ እንደነበር ነገረኝ። "ተንፍሺ" አለኝ፤ "እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ስለማትተነፍሺ ነው።" ልክ ነበር።

ስለ ዓይኑ ስጠይቀው መነጽር አድርጌያለሁ ይለኛል። ወፍራም መነጽር አድርጎ ብየዳ ቤቱ በር ላይ የተነሳውን ፎቶም ላከልኝ። አመንኩት። የሚቀጥለው ዙር ፈተና ስላለመኖሩ ግን ሁለታችንም አናወራም ነበር።

ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ኮንትራት እንድጨምር ተጠየቅሁ። የብረት ግድግዳው ሥራ ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማቀዝቀዣው ቧንቧ ነው፣ እኔ የተማርኩት ረቂቁ ብየዳ። ደውዬ ጠየቅሁት። እውነቱን ለመናገር ነይ ቢለኝ ቅር ይለኝ ነበር፤ ቅሪ ሲለኝ ደግሞ ከፋኝ። "ጀምረሽው የለ፣ ጨርሺው እንጂ" አለ። ከኋላው ሚስቱ አንድ ነገር ስትል ሰማሁ፤ ቆይ ብሏት ወሬውን ወደ ልጃቸው ትምህርት ቤት አዞረው።

ጉልላቱ የወጣው በሁለተኛው ኮንትራቴ ነው። መሬት ላይ ለወራት ሲበየድ የከረመ፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ የሚሸፍን ክብ ብረት ነበር። ነፋስ የሌለበት ቀን ተጠብቆ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ትልቅ ክሬን ብድግ አደረገው። ሥራ ሁሉ ቆመ። አብራኝ የምትኖረው ፊሊፒናዊት በያጅ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ከየአገሩ የመጣው ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ቆሟል። ጉልላቱ አየር ላይ ሳለ የባሕሩ ብርሃን ከታች እየተንጸባረቀበት የኛ የብየዳ መስመሮች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ቦታው ላይ እስኪቀመጥ ግማሽ ቀን ፈጀ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ከጎኔ መቆም የነበረበት ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ያን ዕለት ስደውልለት እንደ ወትሮው አልጠየቀኝም። አዳመጠኝና ጥሩ ነው አለ። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ስልካችን እያጠረ ሄደ። አንዳንዴ ሚስቱ አንስታ ተኝቷል ትለኛለች። ብየዳ ቤቱን ለጥቂት ጊዜ እንዳከራዩት፣ እሷም ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ የጠያቂዎችን ስልክና ቦርሳ የምታስቀምጥበት ሱቅ እንደከፈተች የነገረችኝ በዚያ ሰሞን ነው። ለምን ብላት፣ መብራቱ እየጠፋ አላሠራ ስላለው ነው አለችኝ። መብራት መጥፋቱ እውነት ስለሆነ ይህንንም አመንኩ።

እኔና ሌሎቹ በያጆች ጣቢያው ሥራ ሲጀምር አላየንም። የኛ ድርሻ ካለቀ በኋላ የፍተሻ ሰዎች ይገባሉ፤ ነዳጁ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻው ቀን ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆምኩ፤ በማግስቱ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

ቦሌ የተቀበለችኝ የወንድሜ ሚስት ብቻዋን ነበረች። ታክሲው ውስጥ ብዙ አላወራችም። ዕጣ ደርሷቸው ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ከገቡ ቆይተዋል፤ ቤቱን እኔ አላውቀውም። ደረጃውን ስንወጣ ክንዴን ያዘችና "እንዳትደነግጪ" አለችኝ። ምኑ ነው የሚያስደነግጠኝ ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ።

ጋሼ በረንዳው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ብዬ ስጠራው ተነሳ፤ እጆቹን ዘርግቶ መጣ፤ የመጣው ግን እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ግራ ነው። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፣ እንደ ድሮው ናቸው። እኔ ሄጄ እጆቹ ውስጥ ገባሁ። ፊቴን በመዳፉ ዳበሰና ከስተሻል አለኝ። ልጁ፣ ሕፃን ሆና ትቻት የሄድኩት፣ ወንበሩን ከመንገዱ ላይ ስባ አነሳችለት። ስታነሳው ሳትታዘዝ ነው፤ ለምዳዋለች።

የዓይን ግፊት ነበር። ከጎንና ከጎን እየበላ ይመጣና በመጨረሻ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለች ነገር ብቻ ይተዋል። ሰፈር ውስጥ ከበርና ከምሰሶ ጋር ሲጋጭ መጠጥ ጀመረ ተብሎ ታምቷል። ሚስቱ ልትነግረኝ ብዙ ጊዜ ሞክራለች፤ እሱ አስምሏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ወደ ሱቋ፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከፈተናው በፊት ያውቅ እንደነበር ጠየቅሁት።

"አውቅ ነበር" አለ። "ሐኪሙ ነግሮኛል። ጠብታም ሰጥቶኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተፈተንክ?"

"አንቺ እንድትፈተኚ ነዋ። ብቻሽን ሂጂ ብልሽ እግርሽ ከቃሊቲ አይወጣም።"

ቀጥሎ ደግ አደረግኩ፣ ደስ ብሎኛል ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እንደዚያ ቢል ኖሮ እንዴት እንደምመልስለትም አስቤ ነበር። እሱ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ ብዙ ቆየ።

"ተሳስቻለሁ እቱ" አለ። "ሁለት ዓመት ነው ያልኩት። እስከዚያ እችለዋለሁ ብዬ ነበር። ጨርሺው ያልኩሽ እምቢ ትላለች ብዬ ነው።"

እኔም ነይ ትለኛለህ ብዬ ነበር የጠየቅሁህ አልኩት። ይህ ግማሽ እውነት እንደሆነ ድምፄ ሳይነግረው አልቀረም። ቀና ብሎ ወደኔ አቅጣጫ አየ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረችውን ቀዳዳ ግን ጠብታው ሳይቋረጥ ከቆየ ማቆየት እንደሚቻል ነገረችን። ልጅ ሆኜ ማስኩ አንድ ብቻ ስለነበር እሱ ለኔ ሰጥቶ በጥቁር መነጽር ይሠራ የነበረውን አንስቼ፣ ያ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይደለም አለች፤ ይህ ዓይነቱ በዘር የሚመጣ ነው፣ እንዲያውም አንቺም መመርመር አለብሽ አለችኝ። ተመረመርኩ፤ የኔ ደህና ነው። ሐኪሟ ምክንያቱ ብየዳው እንዳልሆነ ስትነግረኝ ይቀልለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። በጊዜ ጠብታውን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ ሰው ለይቶ ያይ ነበር ያለችው ነው አብሮኝ የቀረው። ጠብታውን ያቋረጠው መቼ እንደሆነ ሚስቱን ጠይቄያት ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አስታዋሽ አጣ አለችኝ፤ እሷ እንኳ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

አሁን ቱሉ ዲምቱ ውስጥ የራሴ የብየዳ ቤት አለኝ። ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ። ስንከፍት ጋሼን እንዲመርቅልኝ ወስጄው ነበር። ደጁ ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኩት፤ ማሽኑ ሲነሳና ብረቱ ሲፈላ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠና ወደ ቤት መልሺኝ አለ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ና ብዬም አላስቸግረውም። ስለ ጣቢያውም ጠይቆኝ አያውቅም። ሥራ መጀመሩን፣ ከተማዎቹን ሁሉ እያበራ መሆኑን ፊሊፒናዊቷ ጓደኛዬ ጽፋልኛለች፤ ለሱ ሳልነግረው ቀርቻለሁ። አንድ ጊዜ ልነግረው አፌን ስከፍት ልጅቷ ቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሉን አልፈለግኩትም።

ባለፈው ዓመት ሌላ ጥሪ መጣልኝ። ሌላ አገር፣ ሌላ ባሕር ጠረፍ፣ እንዲህ ያለው ሌላ ጣቢያ ገና ሊጀመር ነው፤ ራጁ ላይ ስሜ ጥሩ ስለነበር ሳልፈተን ሊወስዱኝ ፈለጉ። ሚስቱ ሰምታ ነገረችው። "ሂጂ እንጂ" አለኝ፤ "እኔ ደህና ነኝ።" እንደ ድሮው አድርጎ ነው የተናገረው፣ በዚያው በልበ ሙሉ ድምፅ። አንድ ጊዜ ስላመንኩት አሁን ማመን አልቻልኩም። እምቢ ብዬ መልስ ሰጠኋቸው። ባሕሩ ግን አልፎ አልፎ በዓይኔ ይመጣል፤ ጠዋት፣ ሚኒባስ ስጠብቅ።

ማታ ማታ ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ራሱን ወደ ኋላ ይጥልና ዓይኑን በጣቱ ገልጦ ይጠብቀኛል። እጄ አይንቀጠቀጥም። የቀረችው ቀዳዳ እስካሁን አልጠበበችም ብላለች ሐኪሟ፤ ልጁን ፊት ለፊቱ ከቆመች ያያታል። ጠብታው ሲገባ ጥቂት ይቆጠቁጠዋል፤ ምንም አይልም፣ ጉንጩን ጠርጎ አመሰግናለሁ ይለኛል፣ እንደ እንግዳ ሰው።